ከደቡብ እስያ ጠበቆች ጋር ሳንፍራንሲስኮ

ሐሙስ

«የህንዶች ጉባኤ ላይ አንተ ምን ልትሠራ ነው?» አለችኝ ባለቤቴ ደላስ ኤርፖርት ስታደርሰኝ። እውነቷን ነው። መልኬስ ግድ የለም፣ ያሳልፈኛል። ስሜ ነው የሚያጋልጠኝ።

መልሱ ግን ቀላል ነው። ቨርጂኒያ ጠበቆቿን በየዓመቱ 12 ሰዓት ተጨማሪ የሕግ ትምህርት ውሰዱ ትላለች። ሰዓቱን ቤት ተቀምጦ፣ ኮምፒውተር ፊት እያንቀላፉ መሙላት ይቻላል። ቢሮ የምጋራት ጓደኛዬ ግን «ከምታንቀላፋ እኛ ጋ ና፤ ቢያንስ ምግቡ ይጥምሃል» አለችኝ። ወላጆቿ ከጉጃራት የመጡ ናቸው፤ እሷ ኒው ጀርሲ ተወልዳ ነው ያደገችው። ሁለታችንም የምንይዘው የኢሚግሬሽን ጉዳይ ነው። የኔ ደንበኞች በአብዛኛው ሀበሾች ናቸው፤ የእሷ ደግሞ ህንዶች፣ ኔፓሎችና ፓኪስታኖች። ምሳ ላይ የምናወራው ግን ያው አንድ ነገር ነው፤ ስለማይመጣ ወረቀት።

ከሳንፍራንሲስኮ ኤርፖርት መሀል ከተማ በባቡር ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ፓወል ጣቢያ ወርደን፣ ሻንጣችንን እየጎተትን ሆቴል ገባን። ስለ ከተማው ንፋስ የሚባለው ሁሉ እውነት ነው። ጃኬት ይዛችሁ ሂዱ፤ ሌላውን ፎቶ ላይ አይታችሁታል።

ማታ የእንኳን ደህና መጣችሁ ግብዣ ነበር። «ህንዶች» የሚለው የባለቤቴ አነጋገር እዚህ ብዙም አያስኬድም። ቤተሰቦቻቸው ከላሆር፣ ከዳካ፣ ከኮሎምቦ፣ ከካትማንዱ የመጡ አሉ። ቅድመ አያቶቻቸው ለሸንኮራ እርሻ በመርከብ ተጭነው ጉያና የወረዱ አሉ። ኢዲ አሚን በ1972 ከኡጋንዳ ያባረራቸው ሰዎች ልጆችም አሉ። (እዚህ የምጽፈው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) እዚያ ድንበር ላይ የሚታኮሱ አገሮች ልጆች እዚህ አንድ ጠረጴዛ ከበው ይሳሳቃሉ። ትልቁ ማኅበራቸው የሰሜን አሜሪካ የደቡብ እስያ ጠበቆች ማኅበር ነው፤ በአጭሩ ሳባ ይሉታል። የተመሠረተው በ2003 ሲሆን የአሜሪካንና የካናዳን የየከተማ ማኅበራት ያሰባስባል። አዳራሹ ውስጥ ካገኘኋቸው ብዙዎቹ በአንዱ በኩል የዚያ አባላት ናቸው።

ግብዣው የቁም ነው። በአንድ እጅ ብርጭቆ፣ በሌላው ስልክ። ካርድ መሰጣጣት ቀርቶ ስልክ ከስልክ ማነካካት ሆኗል። «የት ነው የምትሠራው?» ይሉሃል፤ ገና ሳትጨርስ ዓይናቸው ከኋላህ የቆመውን ሰው መፈለግ ይጀምራል። የትልልቆቹ የሕግ ቢሮዎች ወጣቶች በዚህ ተክነዋል። እኔ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር አልተፈጠርኩም። ሳህኔን ይዤ ጥግ ፍለጋ ሄድኩ።

ጥጉ ተይዟል። አንድ አዛውንት ጠበቃ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ደረቴ ላይ የተንጠለጠለውን ስም ጠጋ ብለው አነበቡና «ና! ቁጭ በል!» አሉኝ። በአማርኛ ነው። ደንግጬ ተቀመጥኩ።

አባታቸው ከኬረላ መጥተው ደሴ ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ከኬረላ የመጣ አስተማሪ ያልገጠመው ተማሪ ማግኘት ይከብዳል። የኔም አባት ፊዚክስ የተማሩት ከህንዳዊ ነው፤ እስከ ዛሬ የሚኮርጁት የእንግሊዝኛ ቅላጼ አለ። እኚህ ሰው «ቁጭ በል»ን የያዙት አባታቸው ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስለሚሉት ነው። ከአንድ እስከ ዐሥርም ይቆጥራሉ፤ ሰባት ላይ ትንሽ ይደናቀፋሉ። የጦሳን ብርድ አልረሱም። አብዮቱ ሲመጣ ቤተሰቡ ወጣ፤ መጀመሪያ ወደ አገራቸው፣ ቀጥሎ ወደ ቴክሳስ። «ደሴ አሁን ትልቅ ከተማ ናት አይደል?» ብለው ጠየቁኝ። በስልኬ ፎቶ ፈልጌ አሳየኋቸው። አጉልተው፣ አጉልተው፣ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ቤታቸው ይሁን አይሁን እኔም እሳቸውም አላወቅንም። ምሽቱን እዚያው ጨረስነው።

ዓርብ

ዓርብ ጾም ነው። «የህንድ ምግብ ለጾመኛ ይመቻል» የሚል ሀበሻ ካለ አንድ ነገር ልንገረው። እነሱ ሥጋ የለበትም ሲሉ ወተት፣ እርጎ፣ አይብና ቅቤ ሞልቶበታል ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው ሳህን ላይ «ጄይን» የሚል ጽሑፍ ተሰክቷል። የጄይን እምነት አጥባቂዎች ሥሩ ተነቅሎ የሚበላ ነገር አይነኩም። ድንች የለም፣ ካሮት የለም፣ ነጭ ሽንኩርት የለም፣ ቀይ ሽንኩርት የለም። የጓደኛዬ እናት እንዲህ ነው የሚበሉት። ያለ ሽንኩርት ወጥ! እንዴት እንደሚቁላላ ብታስረዳኝም አልገባኝም። በመጨረሻ ከወተትም ከቅቤም ነጻ የሆነ የሽምብራ ወጥ ተገኘ። በሩዝ ሁለት ጊዜ አነሳሁ። በምግቡ አልዋሸችም።

ወደ ቁም ነገሩ። ጠዋት የነበረው ውይይት ስለ አንድ የቆየ ፍርድ ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በስሙ ያውቀዋል፤ ልክ እኛ የዘመድ ስም እንደምንጠራው «ቲንድ» ብቻ ነው የሚሉት።

ባጋት ሲንግ ቲንድ ከህንድ ፑንጃብ በ1913 የመጣ የሲክ እምነት ተከታይ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1918፣ የአሜሪካን ሠራዊት ልብስ ለበሰ፤ ጥምጣሙን ግን አላወለቀም። በዚያው ዓመት ዜግነት ሰጡት፤ ቀናት ሳይቆዩ ነጠቁት። በ1920 ኦሪገን ውስጥ እንደገና አገኘ። መንግሥት ይግባኝ አለ።

የዚያን ጊዜው ሕግ ከውጭ ለመጣ ሰው ዜግነት የሚፈቅደው ለሁለት ወገን ነው። አንዱ «ነጻ ነጭ ሰዎች» የሚለው ነው። ሌላው በ1870 የተጨመረው ነው፤ አፍሪካ የተወለዱና የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው። ቲንድ «ሳይንቲስቶች የኛን ሰው ካውኬዢያን ብለው ይመድቡታል» ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ከሦስት ወር በፊት ይኸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጃፓናዊውን ታካኦ ኦዛዋን የመለሰው «ነጭ ማለት ካውኬዢያን ነው፤ አንተ አይደለህም» ብሎ ነበር። ቲንድ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1923 የወጣው ውሳኔ ሳይንሱን ወደ ጎን አድርጎ ተራው ሰው «ነጭ» ሲል ማንን ማለቱ እንደሆነ ጠየቀ። ተራው ሰው ደግሞ ቲንድን ማለቱ አይደለም። አለቀ። ሁለቱንም ውሳኔ የጻፉት አንድ ዳኛ ናቸው፤ ጆርጅ ሰዘርላንድ። አንድም ዳኛ አልተቃወመም።

ሁለት ወጣት ጠበቆች ውሳኔውን እየተቀባበሉ አነበቡት። አንዷ እያነበበች ሳቀች፤ የንዴት ሳቅ ነው። ከውሳኔው በኋላ መንግሥት ዜግነት ያገኙ ህንዶችን እየለቀመ ወረቀታቸውን መሰረዝ ጀመረ።

እኔ ግን ልቤ የቀረው 1870 ላይ ነው። በዚያ ሕግ መሠረት በ1923 አንድ ኢትዮጵያዊ የዜግነት ማመልከቻ ማስገባት ይችል ነበር። ደቡብ ውስጥ ከነጭ ጋር አንድ ፉርጎ ላይ መቀመጥ አይችልም፤ ዜጋ መሆን ግን በወረቀት ይችላል። በ1924 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ለየአገሩ ኮታ ሲመድብ ለኢትዮጵያም በዓመት 100 ሰው ጽፎላታል። ለዚያ ሁሉ የህንድ ሕዝብ መቶዋ የተፈቀደችው በ1946 ነው፤ ፕሬዚዳንት ትሩማን በፈረሙት ሕግ።

ይህን እጄን አውጥቼ ተናገርኩ። አወያይዋ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችና «የእናንተ ማኅበር ይህን ያስተምራል?» አለችኝ። የትኛው ማኅበር ልበላት? እኛ ሰፈር ያለን የሀበሻ ጠበቆች የምንገናኘው ወይ ልቅሶ ላይ ነው ወይ ሠርግ ላይ። እዚያም ስለ ሥራ ማውራት ነውር ነው።

ከሰዓት በኋላ ከጓደኛዬ ጋር ጠፍተን ወጣን። ከሆቴሉ ጥቂት መንገዶች አልፎ፣ ሰቨንዝና ሚሽን ማዕዘን ላይ፣ የዘጠነኛው ሰርኪዩት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አለ። አካባቢው ደስ አይልም። መንገዱ ዳር ድንኳን የዘረጉ፣ ራሳቸውን የሳቱ ሰዎች ታልፋላችሁ። በሩ ላይ ቀበቶ አውልቁ፣ ኪስ አራግፉ አለ። ከዚያ ወለሉ እብነ በረድ፣ ጣሪያው ሞዛይክ። በ1905 የተከፈተ ሕንጻ ነው፤ በዓመቱ ከተማውን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት መጣ፣ እሱ ተረፈ።

እዚህ ሕንጻ ውስጥ ነው በ1917 መጨረሻ የጋዳር ፓርቲ ሰዎች ለፍርድ የቀረቡት። ጋዳሮች ህንድን ከእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ በጦር መሣሪያ ነጻ ለማውጣት የተነሱ ስደተኞች ናቸው፤ ጋዜጣቸውን የሚያትሙት እዚሁ ሳንፍራንሲስኮ ነበር። ከጀርመን ጋር አሢራችኋል ተብለው ከ100 በላይ ሰዎች ተከሰሱ። ችሎቱ ወራት ፈጀ። በመጨረሻው ቀን፣ ኤፕሪል 1918፣ አንዱ ተከሳሽ ራም ሲንግ ሽጉጥ አውጥቶ መሪያቸውን ራም ቻንድራን እዚያው ችሎት ውስጥ ገደለው። አንድ የፍርድ ቤቱ ጠባቂ ደግሞ እሱን ተኩሶ ጣለው። ጓደኛዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ «እኛ ደንበኛችን ዘገየ ብለን እንጨነቃለን» አለች።

የመጣንበት ምክንያት ግን ሌላ ሰው ነው። የቲንድ ጠበቃ ሳካራም ጋኔሽ ፓንዲት ይባላል። ህንድ የተወለደ፣ በ1914 ካሊፎርኒያ ዜግነት አግኝቶ ሎስ አንጀለስ ጥብቅና የከፈተ ሰው። ደንበኛው ሲሸነፍ ተራው የሱ ሆነ፤ መንግሥት ዜግነቱን ሊሰርዝ ከሰሰው። ዜግነቱ ከሄደ የጥብቅና ፈቃዱም ይሄዳል። አሜሪካዊት ሚስቱም በዚያን ጊዜው ሕግ ዜግነቷን ታጣለች። ፓንዲት ዘሩን አንስቶ አልተከራከረም። «በ1914 መንግሥት ቀርቦ ተከራክሮኝ ተረትቷል፤ ይግባኝም አላለም። ያለቀ ፍርድ አሁን አይከፈትም» አለ። ይኸው ዘጠነኛው ሰርኪዩት በ1926 ፈረደለት። ከዚያ በኋላ መንግሥት የቀሩትን የስረዛ ክሶች ተወ። ትልቁ ክርክር ያልሠራውን አንዲት የሥነ ሥርዓት ነጥብ ሠራችው። ጠበቃ የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ያውቃል።

ቅዳሜ

ጠዋት የግሪን ካርድ ወረፋ ውይይት ነበር። ይህ የእንጀራዬ ጉዳይ ስለሆነ የፊት ወንበር ያዝኩ። በሥራ በኩል በዓመት የሚሰጠው ግሪን ካርድ ወደ 140 ሺህ ነው። ከዚያ ውስጥ የአንድ አገር ተወላጆች ከ7 በመቶ በላይ አይወስዱም። ህንድ አንድ ቢሊዮን ተኩል ገደማ ሕዝብ ይዛ፣ ከትንሿ ደሴት እኩል 7 በመቶ። ስለዚህ በኤች ዋን ቢ የሥራ ቪዛ የመጣ የኮምፒውተር መሐንዲስ ከ10 ዓመት በላይ ይጠብቃል። በጨቅላነቱ ያመጣው ልጅ 21 ሲሞላው ከአባቱ ፋይል ይወጣና የራሱን ቪዛ ፈልግ ይባላል። እኛ ደግሞ ህንዳዊ ስናይ «ወረቀቱ ያለቀ፣ ደመወዙ የወፈረ» እንላለን።

ዲቪም ለነሱ ዝግ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ከ50 ሺህ በላይ ሰው የላከ አገር ሎተሪው ውስጥ አይገባም። ይህን ሲያነሱ አጠገቤ ያለችው ሴት «እናንተ ግን ትሞላላችሁ አይደል?» አለችኝ። በየዓመቱ ፎቶ ቤትና ኢንተርኔት ቤት የሚፈጠረውን ሰልፍ ነገርኳት። ቀናችብኝ።

ለካ ቀልድም አላቸው። ወረፋው የሚቆጠረው በዜግነት አይደለም፣ በትውልድ አገር ነው። ባልና ሚስት ደግሞ አንዱ በሌላው የትውልድ አገር መመዝገብ ይችላል። ስለዚህ ህንድ የተወለደ ሰው አዳማ የተወለደች ካገባ ወረፋውን ዘለለ ማለት ነው። «ደንበኞቼን ወደ እናንተ ሠርግ ልላካቸው» አለ አንዱ፤ አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

ምሳ ላይ የጠረጴዛዎቹን ምልክት እያየሁ ዞርኩ። የኩባንያ ጠበቆች፣ ዐቃቤ ሕጎች፣ ትልልቅ ቢሮዎች። ከመጸዳጃ ቤቱ አቅራቢያ «ብቻቸውን የሚሠሩና ትናንሽ ቢሮዎች»። የኔ ሰዎች። እንደ ሐሙሱ ግብዣ የሚያይ ዓይን እዚህ የለም። ከፍሬስኖ የመጣ አንድ ሰው የፑንጃብ ከባድ መኪና ሾፌሮችን ጉዳይ ነው የሚይዘው። አንዷ ኦክላንድ ውስጥ ከጥርስ ሐኪም በላይ ባለች አንዲት ክፍል የቤተሰብ ማመልከቻ ትሠራለች። ወረቀት አውጥተው ስም ይለዋወጣሉ። ማን ኔፓልኛ ያስተረጉማል? የትኛው የጥገኝነት ቢሮ ስንት ወር እያቆየ ነው? የማልሠራው የወንጀል ጉዳይ ሲመጣብኝ ለማን ልላክ? ያለ ስም፣ ያለ ሹመት፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይህንኑ ነው የሚያወሩት። ከጉባኤው ሁሉ የቀናሁት በዚህ ጠረጴዛ ነው።

ማታ የእራት ግብዣው ተደረገ። ሳሪው፣ ወርቁ፣ ለወንዱ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥልፍ ኮት። እኔ ሱፍ ለብሼ እንደ አስተናጋጅ ታየሁ። አንድ ሰው እንዲያውም ውኃ ጠየቀኝ፤ አመጣሁለት። ንግግሮቹ ረዘሙ። አመስጋኙ ምስጋናውን ሳይጨርስ ሌላ አመስጋኝ ይተካል፤ በዚህስ ከኛ አይለዩም። ደጋግመው ያነሱት ስለ ዳኞች ነው። አሙል ታፓር በ2007 መጨረሻ ሴኔቱ ያጸደቃቸው የመጀመሪያው የደቡብ እስያ ዝርያ ያላቸው የፌዴራል ዳኛ ናቸው። ስሪ ስሪኒቫሳን በ2013 ለዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሲሾሙ ድምፁ 97 ለ0 ነበር። ይህ ቁጥር ሲጠራ ጭብጨባው አልቆም አለ። ትናንት ያየሁትን ሕንጻ ሳስብ አጨበጨብኩ፣ ከልቤ።

እራቱ ከአራት ሰዓት በኋላ ቀረበ። ከዚያ የፑንጃቦቹ ጭፈራ ባንግራ ተለቀቀ። ባንግራ ትከሻ ነው፤ ትከሻ ደግሞ ለሀበሻ አይነገረውም። ከሂውስተን የመጡት አዛውንት ከመቀመጫቸው ሆነው «ጎበዝ!» አሉኝ። ይህቺን ቃል ሐሙስ ለት ደብቀዋት ነበር።

እሑድ

ጉባኤው አልቋል። በረራችን ማታ ስለሆነ በባቡር ባሕሩን በታች ተሻግረን በርክሌይ ወረድን። ጣቢያው አጠገብ ሁለት ብሎክ ያህል የምትሆን አጭር መንገድ አለች። ምልክቷ ላይ «ካላ ባጋይ ዌይ» ይላል።

ካላ ባጋይ ከባሏ ከቫይሽኖ ዳስ ባጋይና ከሦስት ልጆቿ ጋር ሳንፍራንሲስኮ የገባችው በ1915 ነው። ገንዘብ ነበራቸው። በርክሌይ ቤት ገዙ። ዕቃ ጭነው ሲመጡ ጎረቤቶቹ እንዳይገቡ በሩን ቆልፈውባቸው ደረሱ። ተመለሱ። ባልየው በ1921 ዜጋ ሆነ፤ ከቲንድ ውሳኔ በኋላ ተሰረዘበት። ሱቁን መያዝ አልቻለም። አገሩን ለመጎብኘት የአሜሪካ ፓስፖርት ጠየቀ፣ ተከለከለ። በ1928 ራሱን አጠፋ፤ ለጋዜጣ የላከው ደብዳቤ የተደረገበትን ይዘረዝራል። ካላ ልጆቿን ብቻዋን አሳደገች፤ ኋላም አዲስ ለሚመጡ ስደተኞች እንደ እናት ሆነች። የከተማው ምክር ቤት መንገዱን በስሟ የሰየመው በ2020 ነው። ቤት ያልሰጣት ከተማ መንገድ ሰጣት። ጓደኛዬ ፎቶ አንሳኝ አላለችም። ምልክቱ ሥር የቆመ ብስክሌት ነበር፤ አንድ ተማሪ መጥቶ ሰንሰለቱን ፈታና ሄደ።

ርቦናል። እሑድ ደግሞ ጾም የለም። ቴሌግራፍ አቬኑ ይዘን ወደ ኦክላንድ ወረድን። ይህ መንገድ የሀበሻ ምግብ ቤት ሞልቶበታል። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱ እናቶች በነጠላቸው ተቀምጠዋል። ክትፎና ጥብስ አዘዝኩ፤ ለእሷ በያይነቱ። በያይነቱው ላይ የሽንኩርቱን ብዛት አይታ «እናቴ እዚህ በረሃብ ትሞታለች» አለች።

አስተናጋጁ ወጣት ነው። ጠበቆች መሆናችንን ከወሬያችን ሰማ። ቡና ሲያመጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለኝ። ጥገኝነት አግኝቷል። ባለቤቱ አዲስ አበባ ናት። ግሪን ካርዱን ከያዘ በኋላ ሊያመጣት ነው የሚጠብቀው። «ጥገኝነቱ የተፈቀደልህ መቼ ነው?» አልኩት። ነገረኝ። ጓደኛዬን በዓይኔ ጠራኋት። ጥገኝነት ያገኘ ሰው በዚያ መብት ባለቤቱንና ልጆቹን ለማምጣት ማመልከቻውን ማስገባት ያለበት በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ለዚህ ልጅ የቀረው ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። ማንም አልነገረውም።

ጓደኛዬ ሳህኑን ገፋ አድርጋ ስልኳን አወጣች። የደወለችው ለዚያች ከጥርስ ሐኪሙ በላይ ለምትሠራው ሴት ነው። እሑድ ቀን ነው፤ ሁለተኛው ጥሪ ላይ አነሳች። የጋብቻ ወረቀት አለው? አለው። ተተርጉሟል? አልተተረጎመም። ይምጣ፣ ሰኞ ጠዋት። አድራሻውን የምግብ ማዘዣው ጀርባ ላይ ጻፍኩለት፤ ትርጉሙን እኔ ማታ ሠርቼ እንደምልክለት ነገርኩት።

ሒሳብ ስንጠይቅ አልቀበልም አለ። የምግብ ቤቱ ባለቤትም ከወጥ ቤት ወጥታ አገዘችው። እኛም እምቢ አልን። ብሩን ጠረጴዛው ላይ ጥለን ስንወጣ እስከ ባቡር ጣቢያው መንገድ ድረስ ተከትሎን መጣ፤ በእጁ በፌስታል የተቋጠረ ዳቦ ይዞ።